ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ እንዳይቀር፦ ለትንሽ የሂሳብ ቢሮ የሠራተኛና የዕውቀት አያያዝ መመሪያ

ጥቅምት ሲገባ የሂሳብ ቢሮ ምን እንደሚመስል የሠራበት ያውቀዋል። የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ማሳወቂያ ጥቅምት 30 ያበቃል። ደንበኛው ደግሞ ሰነዱን የሚያመጣው መስከረምን በደንብ ካሳለፈ በኋላ ነው። ቢሮው በካርቶን ይሞላል። ምሳ ኪቦርድ ላይ ይበላል።

እንዲህ ባለ አንድ ጥቅምት ሲኒየር አካውንታንታችን አልነበረችም። ነሐሴ ላይ ሌላ ቦታ የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ሄዳለች። በሰላም ነው የተለያየነው፤ ኬክ ቆርሰን፣ ፎቶ ተነስተን። ከያዘቻቸው ደንበኞች አንዱ እንጨት ነጋዴ ነበር። ግንድ በሜትር ኪዩብ ይገዛል፣ ጣውላ በቁጥር ይሸጣል። የዓመቱ ቆጠራ ከመዝገቡ ጋር አልገጥም አለ። ሁለት ልጆች ዘጠኝ ቀን ለፉበት። በአሥረኛው ቀን እያፈርኩ ደወልኩላት። «ኧረ እሱማ ቀላል ነው» አለችኝ። ከአንድ ሜትር ኪዩብ ስንት ጣውላ እንደሚወጣ፣ ምን ያህሉ ሰጋቱራ ሆኖ እንደሚቀር፣ ድሮ ከደንበኛው ፎርማን ጋር የተስማሙበት ስሌት አለ። በቃሏ ነገረችኝ። አራት ደቂቃ አልፈጀም።

ስልኩን ዘግቼ ሳስበው የተናደድኩት በእሷ አልነበረም። ስሌቱን ጻፊልኝ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ የያዝነውን አሠራር ነው እዚህ የማስቀምጠው። ከአምስት እስከ ሃያ ሰው ላለው ቢሮ ይሆናል። ምሳሌዎቼ ከሂሳብና ኦዲት ሥራ የወጡ ናቸው፤ የጥብቅና ቢሮ ወይም የምህንድስና አማካሪ ያላችሁ ግን «ደንበኛ» ባልኩበት ቦታ «መዝገብ» ወይም «ፕሮጀክት» ብላችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ፣ የምንጠብቀው ምንድን ነው?

የስዊድኑ የኢንሹራንስ ኩባንያ ስካንዲያ በ1991 እ.ኤ.አ. ሌይፍ ኤድቪንሰን የሚባል ሰው «የአእምሯዊ ካፒታል» ኃላፊ አድርጎ ሾመ። በጊዜው እንግዳ የሆነ የሥራ መደብ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተለመደው አከፋፈል ሦስት ቦታ ነው። አንደኛው በሰዎች ጭንቅላትና እጅ ያለው ችሎታ ነው። ሁለተኛው ሰዉ ወደ ቤቱ ሲሄድ ቢሮ የሚቀረው ነው፤ ፋይሉ፣ ቅጹ፣ የአሠራር ልማዱ። ሦስተኛው ከደንበኛ ጋር ያለው ግንኙነትና መተማመን ነው።

ለእኛ ለሂሳብ ሰዎች ነገሩ ትንሽ ያስቃል። ዓለም አቀፉ የሂሳብ ስታንዳርድ ቁጥር 38 የሠለጠነ ሠራተኛን ግዙፍነት እንደሌለው ሀብት አድርጋችሁ በሀብትና ዕዳ መግለጫ ላይ እንድታስቀምጡ በአብዛኛው አይፈቅድም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰውየውን አትቆጣጠሩትም። ነገ መልቀቂያ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ የቢሮው ዋናው ሀብት መዝገብ ላይ የለም። ኮምፒውተሩና ወንበሩ አለ፤ እሱም በእርጅና ቅናሽ እያለቀ።

ትልቅ ድርጅት አንድ ሰው ቢለቅ ጎኑ የተቀመጠ ሌላ ሰው ይኖረዋል። ስምንት ሰው ባለበት ቢሮ ግን አንድ ሰው ማለት አንድ ክፍል ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ማን ምን እንደሚያውቅ በአንድ ወረቀት አውጡ

ይህን ሥራ ኅዳር ላይ ጀምሩት። ጥቅምት አልፏል፣ ሰው ተንፍሷል፣ ጭንቁም ገና ከአእምሮ አልወጣም። ግማሽ ቀን ይበቃል።

ኤክሴል ክፈቱና አምስት ዓምድ አድርጉ። ደንበኛው፣ ሥራው፣ ሥራውን የሚያውቀው፣ እሱ ባይኖር የሚሠራው፣ የተጻፈበት ቦታ። «ሥራው» የሚለውን በጥቅሉ አትጻፉት። የአንድ ደንበኛ ፔሮል፣ ቫት፣ ጡረታ፣ የባንክ ማስታረቅ (መዝገቡን ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር)፣ የዓመት መዝጊያ፣ እያንዳንዱ የራሱ መስመር ይኑረው። የቢሮውን የራሱን ሥራም አትርሱ፤ ኪራይ ውሉ፣ ኢንተርኔቱ፣ የሂሳብ ሶፍትዌሩ የፒችትሪ ባክአፕ።

ከዚያ ሁሉም በተሰበሰበበት ሙሉት። በየግል ከጠየቃችሁ ሁሉም «እኔም አውቀዋለሁ» ይላል። በጋራ ሲሆን ግን «እስቲ ባለፈው ወር ማን ነበር የሠራው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ እውነቱም ይወጣል።

አራተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበትን መስመር ሁሉ ቀይ ቀቡት። እኛ ዘንድ ወረቀቱ እንደ ቲማቲም ሆነ። ይበልጥ የገረመኝ ግን ብዙው ቀይ መስመር ላይ የተጻፈው ስም ነው። የእኔ ነበር። ከትልልቆቹ ደንበኞች ጋር ዋጋ የምነጋገረው እኔ፣ ከግብር ጋር ያለ ክርክር የት እንደደረሰ የማውቀው እኔ፣ የባንኩን ፓስወርድ የያዝኩትም እኔ። ለሠራተኞቼ «ዕውቀት አካፍሉ» እያልኩ ስሰብክ ዋናው ቋጣሪ እኔው ነበርኩ። የቢሮ ባለቤት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ የራሳችሁን ስም ቀድማችሁ ፈልጉ።

ደረጃ 2፦ ከቀዩ ውስጥ የሚቀድመውን ምረጡ

ሁሉን በአንዴ ለመጻፍ የተነሳ ቢሮ በሦስተኛው ሳምንት ይተወዋል። አይቼዋለሁ፣ አድርጌዋለሁም። በየቀዩ መስመር ላይ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ። ቀነ ገደቡ በየወሩ ነው ወይስ በዓመት አንዴ? ቢሳሳት ቅጣቱ በማን ላይ ይወድቃል? የሚያውቀው ሰው በዚህ ዓመት የመሄድ ዕድሉ ምን ያህል ነው? ሦስቱም ላይ የከፋውን መልስ ያገኙትን አምስት መስመሮች ውሰዱና ከእነሱ ጀምሩ። ሌላው ይጠብቅ።

ደረጃ 3፦ የደንበኛ ገጽ አዘጋጁ (ሲኒየሩ ይናገር፣ ጁኒየሩ ይጻፍ)

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

መጀመሪያ የሞከርነው ስህተቱን ነበር። ሲኒየሮቹን «የምታውቁትን ጻፉ» አልናቸው። አንድ ወር ጠበቅን። የመጣው ግማሽ ገጽ ነው፤ «ቫት በወቅቱ ይታወቃል፣ ፔሮል በጥንቃቄ ይሠራል»። ይህን ማን ያጣዋል! ችግሩ ስንፍና አይደለም። ሥራውን በደንብ የለመደ ሰው የሚያውቀውን ነገር ማወቁን ረስቶታል። እጁ ራሱ ይሠራዋል። እንጀራ ጋጋሪ እናት «ሊጡ ስንት ሰዓት ይቀመጥ?» ስትሏት «ሲበቃው» እንደምትላችሁ ነው።

ስለዚህ አገላብጡት። ሲኒየሩ ሥራውን ይሥራ፣ እየሠራ ጮክ ብሎ ይናገር። ጁኒየሩ አጠገቡ ተቀምጦ ይጻፍ። አዲስ ሰው ነውና «ይሄ ለምን እዚህ ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። ወርቁ ያለው እዚያ ጥያቄ ላይ ነው። በቅኔ ቤትም ሆነ በእደ ጥበብ ዕውቀት ሲተላለፍ የኖረው ከመምህሩ ሥር በመቀመጥ ነው፤ እኛ የጨመርነው ብዕሩን ብቻ ነው።

ገጹ አንድ ገጽ ይሁን፤ ቢበዛ ሁለት። እነዚህ ነገሮች ይኑሩበት፦

- ለየትኛው ጉዳይ ማን ጋ ይደወላል። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ጋ መደወል ከንቱ ነው። ደረሰኙ ያለው ካሸሯ ጋ ነው።
- የወሩ ሥራ በቅደም ተከተል፦ ሰነዱ ከየት ይመጣል፣ በስንተኛው ቀን፣ ካልመጣ ምን ይደረጋል።
- ይህን ደንበኛ ከሌላው የሚለየው ነገር።
- ለምን እንዲህ እንደምንሠራ፣ ማን እንደወሰነና መቼ።
- ገና ያልተቋጨ ጉዳይ።

አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። «ትራንስፖርቱ በዚህ ሂሳብ ይመዘገባል» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ ከዓመት በኋላ አንድ ጎበዝ ልጅ መጥቶ ስህተት መስሎት ያስተካክለዋል። «በ2015 ኦዲተሩ ጠይቆ ተስማምተን ወደዚህ አዛወርነው» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ግን አይነካውም። ምክንያቱ ያልተጻፈበት አሠራር ዕድሜው አጭር ነው።

የእንጨት ነጋዴው ገጽ ዛሬ እንዲህ የሚል አንቀጽ አለው፦ «ግዢ በሜትር ኪዩብ፣ ሽያጭ በቁጥር። የመለወጫው ሠንጠረዥ ከፋይሉ ጋር ተያይዟል። በየዓመቱ ሰኔ ውስጥ፣ ከቆጠራ በፊት፣ ከፎርማኑ ጋር እንደገና ይረጋገጥ፤ የግንዱ ዓይነት ሲለወጥ የሰጋቱራው መጠንም ይለወጣል።» አራት መስመር ነው። ዘጠኝ ቀን የፈጀብን ይህ ነበር።

ሁለት ምክር ልጨምር። አንደኛ፣ በአማርኛ ጻፉት። ብዙ ቢሮ ሰነድ ሲባል እንግሊዝኛ መሆን አለበት ብሎ ያስባል፤ ለደንበኛ ሪፖርት ልክ ነው። ለውስጥ ሥራ ግን ሰው በእንግሊዝኛ ጻፍ ሲባል ያሳጥረዋል፣ የሚከብደውን ይዘለዋል። በአማርኛ ሲሆን ወሬውን ያወራዋል፤ እኛ የምንፈልገውም ወሬውን ነው። ሁለተኛ፣ መጻፍ የሚከብደው ሰው በቴሌግራም ድምፅ ይላክ። ጁኒየሩ ወደ ጽሑፍ ይለውጠው። የድምፁ ፋይል ግን ምትክ አይደለም። የ11 ደቂቃ ድምፅ ጥቅምት ላይ ከፍቶ የሚያዳምጥ ሰው የለም።

ገጹ ሲያልቅ ፈትኑት። ደንበኛውን የማያውቅ ሦስተኛ ሰው ገጹን ይዞ የአንድ ወር ቫት ይሥራ። ማንንም አይጠይቅ። የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ ገጹ የጎደለው ነው።

ደረጃ 4፦ የሚቀመጥበትን ቦታ አስተካክሉ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። የተጻፈውም ግን የት እንዳለ ካልታወቀ አይወረስም።

የፋይል ስም ላይ ትልቁ ጣጣችን የዘመን አቆጣጠር ነው። «2017» የሚል ፎልደር ስታዩ የእኛ 2017 ነው የፈረንጆቹ? የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ሐምሌ 2016 ለግብሩ የ2017 መጀመሪያ ነው፤ ይህም ሌላ ድንግርግር ነው። አንድ ደንብ አውጡና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የእኛ፦ መጀመሪያ የበጀት ዓመቱ፣ ቀጥሎ ወሩ በስሙ፣ ቀጥሎ ሥራው፤ ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ሌላ የተሻለ ካላችሁ እሱን አድርጉ። ዋናው አንድ መሆኑ ነው።

አሁን ደግሞ ሰዉ የማያስበው ነገር፦ ስልክና ኢሜይል። የደንበኛው የኢ-ታክስ አካውንት ሲከፈት የማን ስልክ ቁጥር ገባ? ፓስወርድ ሲጠፋ መልሶ ማግኛው ወደ ማን ኢሜይል ይሄዳል? በብዙ ትንሽ ቢሮ መልሱ «የዛን ጊዜ የነበረው ልጅ» ነው። ልጁ አሁን ዱባይ ነው። ስለዚህ በቢሮው ስም ሲም ካርድ አውጡ፣ የቢሮ ኢሜይል ክፈቱ፣ በየአካውንቱ እየገባችሁ ለውጡ። ከደንበኛ ጋር የሚደረግ የሰነድ ልውውጥም በግል ቴሌግራም ሳይሆን ቢያንስ ሁለት የቢሮው ሰዎች ባሉበት ግሩፕ ይሁን።

በፍላሽ ፔሮል ይዞ ቤት መሄድን ከልክሉ። በውስጡ የሰው ደመወዝ፣ ስልክና ቲን ነምበር አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው።

ደረጃ 5፦ ስትቀጥሩ የሚያስተምር ሰው ቅጠሩ፣ ውሉንም በወጉ ጻፉ

በፈተና ላይ የምንሰጠው ወረቀት ሆን ብለን ስህተት ያስገባንበት የባንክ ማስታረቂያ ነው። ስህተቱን ማግኘት ግማሹ ነው። ቀሪውን የምናየው «አሁን ያገኘኸውን ለዚህች ጁኒየር አስረዳት» ስንለው ነው። አንዳንዱ በሁለት ደቂቃ ግልጽ ያደርገዋል። አንዳንዱ ያጣጥላታል። ሁለተኛው የቱንም ያህል ጎበዝ ይሁን፣ ለትንሽ ቢሮ አይሆንም። ዕውቀቱን ይዞት ገብቶ ይዞት ይወጣል።

ውሉን በጽሑፍ አድርጉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜ ካላችሁ ስምምነቱ የግድ በጽሑፍ ነው፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። እነዚያን 60 ቀናት በዝምታ አታሳልፏቸው። በ20፣ በ40 እና በ55ኛው ቀን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። በ59ኛው ቀን «አልሆንክም» የተባለ ሰው ለመስተካከል ዕድል አላገኘም።

ስለ ሥራ ውጤት ባለቤትነትም አንድ አንቀጽ አስገቡ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሠራተኛ በሥራው ላይ ሆኖ የፈጠረው ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። ሆኖም ያንን ሰው ያልለፋበት ያህል አታድርጉት። የኤክሴል ሞዴሉ ላይ የሠራው ሰው ስም ይኑር። ምንም አያስወጣችሁም።

የደንበኛ ምስጢር መጠበቅም ይጻፍ። «ከዚህ ከወጣህ በሙያህ እንዳትሠራ» ዓይነት አንቀጽ ግን ከማስገባታችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ፤ ሰው አያስቀርም፣ ቂም ግን ያተርፋል። ሌላም ጥንቃቄ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። ማናጀር ብላችሁ የሾማችሁት ሰው በእርግጥ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ካለው ውሉ በሌላ ሕግ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ የማስጠንቀቂያ ጊዜውንና ጥቅማ ጥቅሙን በዝርዝር ጻፉለት።

ደረጃ 6፦ የዓመት ፈቃድን መፈተኛ አድርጉት

በሕጉ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ አለው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። በትንሽ ቢሮ ግን ፈቃድ በሁለትና በሦስት ቀን እየተቆራረጠ ያልቃል። ሰውየው ማረፉም አይታወቅም፣ ቢሮውም ያለ እሱ መሥራት አለመሥራቱ አይታወቅም።

እኛ አሁን እያንዳንዱ ሰው በዓመት አንዴ ቢያንስ አሥር የሥራ ቀን በተከታታይ እንዲወጣ እናደርጋለን። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ። የወጣውን ሰው መደወል ክልክል ነው።

ክልክል ሲባል ግን ሰው ይጨንቀዋል። ስለዚህ ደብተር አስቀመጥን፤ ተራ ሰማያዊ ደብተር። ልትደውል ስልክህን ባነሳህ ቁጥር ጥያቄህን እዚያ ላይ ትጽፋለህ። ከዚያ ከገጹ፣ ከፎልደሩ፣ ከሁለተኛው ሰው መልሱን ትፈልጋለህ። የእውነት ቅጣት የሚያመጣ ነገር ሆኖ መልስ ከጠፋ ብቻ ይደወላል። ባለ ፈቃዱ ሲመለስ ቡና እየጠጣ ደብተሩን ያነባል። እያንዳንዱ መስመር ወደ አንድ የደንበኛ ገጽ የሚገባ እርማት ይሆናል።

የመጀመሪያው ዓመት ደብተሩ ሞላ። የፔሮል ሠራተኛችን ሲወጣ ብቻ አራት ገጽ ተጻፈ። በሚቀጥለው ዓመት የእሱ አንድ ገጽ አልሞላም። እኔ ከማንኛውም ሪፖርት ይልቅ ይህን አምናለሁ።

አንድ ጥቅም ደግሞ ሳናስበው መጣ። ኦዲተር የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው ፈቃድ የማይወጣ ሠራተኛ ራሱ አንድ ምልክት ነው። ሁልጊዜ መጥፎ ምልክት አይደለም፤ ግን አንድ ሰው ብቻ የሚነካው ሂሳብ ሌላ ዓይን ሲያየው ይጠራል።

ደረጃ 7፦ «ሁሉን ከነገርኳቸው እኔን ምን ያደርጉኛል?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጮክ ብሎ አይጠይቃችሁም። ሁሉም ግን ያስበዋል። ገጽ ሙላ፣ ጁኒየር አስተምር፣ ፓስወርድ አስረክብ ሲባል፣ የሚሰማው «ልታባርሩኝ ነው እንዴ?» ነው። እውነት ለመናገር ያለ ምክንያት አይደለም። በውድ የተቀጠረን ሰው ዕውቀት ጨምቆ በርካሽ የሚተካ ቢሮ አለ። ወሬው ደግሞ በከተማው ቶሎ ይዞራል።

መልሱ ንግግር አይደለም፤ ደመወዝና ዕድገት ነው። በግምገማ ቅጻችን ላይ «ያለ እሱ መሥራት የሚችል ስንት ሰው አፈራ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ክብደቱም ከቴክኒክ ችሎታ እኩል ነው። ሲኒየር የሚሆነው ቢያንስ አንድ ጁኒየር ያበቃ ነው። አስተምሮ የጨረሰ ሰው የተሻለ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ከለመደው ቫት ወጥቶ ኦዲት ይመራል፣ ከደንበኛ ጋር ስብሰባ ይገባል። ዕውቀቱን ሰጥቶ ባዶ እጁን የቀረ ሰው ካለ ግን መመሪያው በዚያው ይሞታል።

«እኛ እዚህ ቤት ቤተሰብ ነን» የሚለውን ንግግር ለበዓል አቆዩት። ደመወዝ በቀኑ ይከፈል። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሆነው የጡረታ መዋጮ በወቅቱ ይግባ። የሌላውን ፔሮል ሠርተን የምናስከፍል ሰዎች የራሳችንን ሠራተኛ ጡረታ ብናዘገይ ማን ያምነናል?

ስለ ትምህርትም እንነጋገር። በሂሳብ ሙያ ብዙ ወጣት ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ ለማግኘት ይማራል። 13 ፈተና አለው፤ ከፈተናው በተጨማሪ የ36 ወር የተግባር ልምድ ይጠይቃል። ይህ ለትንሽ ቢሮ ዕድል ነው። በደመወዝ ከባንክ ጋር አንወዳደርም። ነገር ግን በባንክ አንድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይነት ሥራ ሲሠራ የሚቆይ ልጅ እኛ ዘንድ በዓመት ውስጥ ሆቴል፣ አስመጪ፣ ትምህርት ቤትና ፋብሪካ ያያል። ይህን ቁጭ ብላችሁ ከእሱ ጋር በዕቅድ አስቀምጡት፤ በዚህ ዓመት ምን ያያል፣ በሚቀጥለውስ?

ለትምህርት ከከፈላችሁ የአገልግሎት ግዴታ ማስፈረም የተለመደ ነው። ሆኖም የሚቀንስ አድርጉት። ለምሳሌ 60,000 ብር ከፍላችሁ የ24 ወር ግዴታ ካለው፣ በየወሩ 2,500 ብር ይሰረዝ። በአሥረኛው ወር የሚለቅ ሰው 35,000 ብር ይመልሳል። በ23ኛው ወር የለቀቀን ሰው ሙሉውን አምጣ ማለት ግን ፍርድ አይደለም፤ ሰውም ስሌቱን ሲያየው አስቀድሞ አይፈርምም።

ደረጃ 8፦ መልቀቂያ ሲገባ

ሠራተኛ ለመልቀቅ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ 30 ቀን ነው። ከዚህ ውስጥ አንዱን ሳምንት ባለቤቱ በማኩረፍ ያባክነዋል። አታኩርፉ። መልቀቂያውን ያስገባላችሁ ዕለት ከሰዓት ተቀመጡና ቀናቱን እንዲህ ክፈሉት።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ በደረጃ 1 ወረቀት ላይ የእሱ ስም ያለበትን መስመር ሁሉ አውጡ፤ ተተኪ ስም ጻፉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው፦ ተተኪው ይሥራ፣ ተሰናባቹ ይመልከት። ተገላቢጦሹን አይደለም። ሲያዩት ቀላል የሚመስል ነገር ሲነኩት ነው የሚከብደው። በዚሁ ጊዜ አብረው ወደ ደንበኛው ይሂዱ። «ከዛሬ ጀምሮ ሥራችሁን የምትይዘው እሷ ናት» የሚለውን ከቀድሞው ሰው አፍ ሲሰማ ደንበኛው ይረጋጋል። ከቢሮ በተላከ ደብዳቤ ሲያውቀው ግን የሄደውን ሰው ስልክ ይፈልጋል። አራተኛው ሳምንት፦ ፓስወርድ ይለወጥ፣ ንብረት ይረከብ፣ ክሊራንስ ይለቅ።

ክፍያውን አታጓትቱ፤ ሕጉ ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይላል። የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ክፍያ መስጠት ግዴታ ነው። ይህን ወረቀት እንደ መያዣ የሚጠቀሙበት ቢሮዎች አሉ። ትንሽነት ነው። ደግሞም ኪሳራ ነው፤ በሰላም የሄደ ሰው በኋላ ደንበኛ ይልካል፣ ሲጨንቃችሁ አራት ደቂቃ ስልክ ያነሳል። ያቺ ሲኒየራችን ተናድዳ ሄዳ ቢሆን የእንጨቱን ስሌት ዛሬም እየፈለግነው ነበር።

መጨረሻ ላይ ለምን እንደሚሄድ ጠይቁ። በመጨረሻው ቀን፣ ክፍያውንና ማስረጃውን ከተቀበለ በኋላ። ከዚያ በፊት የሚነግራችሁ የምትፈልጉትን ነው።

ደረጃ 9፦ በየሩብ ዓመቱ ሦስት ቁጥር ብቻ

ቀይ መስመር ስንት ቀረ? በሦስተኛ ሰው የተፈተነ የደንበኛ ገጽ ስንት ደረሰ? በደብተሩ ላይ ስንት ጥያቄ ተጻፈ? ከዚህ በላይ መለኪያ ለስምንት ሰው ቢሮ አያስፈልግም፤ ሪፖርቱን የሚሠራው ሰው ራሱ ሌላ ቀይ መስመር ይሆናል።

ባለፈው ኅዳር ተራው የእኔ ሆነ። አሥር ቀን ሐዋሳ ሄድኩ። አልተደወለልኝም፤ እውነት ለመናገር ትንሽ ከፋኝ። ስመለስ ደብተሩን አነሳሁ። ስድስት መስመር ብቻ ተጽፏል። አምስቱ በሌላ እጅ ጽሑፍ መልስ አግኝተዋል። ስድስተኛው ግን ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፦ «መብራት ጠፋ። የጀነሬተሩ ቁልፍ የት ነው?»

ሐዋሳ አብሮኝ ነበር፤ በጃኬቴ ኪስ ውስጥ።